የጠዋቷ እመቤት

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯን ጥለናት የሄድነው ከስፖርት አዳራሹ የጎን በር ጀርባ፣ ጆሮዋን ከእንጨቱ ጋር አጣብቃ ነው። አሁንም እዚያው ናት። መሄድ አቃታት፤ መግባትም አልደፈረችም።

ከበሩ ወዲያ የእሱ ድምፅ ይሰማታል። ማታ ማታ ኤሮቢክስ ሲያሠራ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ፣ አሁን በማለዳ ቀጥኖና ለስልሶ፣ ማር ማር ይላል።

«ነይ የኔ እመቤት... ቀስ... አትፍሪ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

«እንደሱ! አየሽ? ትናንት እምቢ ያልሽውን ዛሬ ቻልሽው። አንቺ እኮ ኩራት ይዞሽ ነው እንጂ ምንም አልሆንሽም።»

የሌላ ሰው ቃል አይሰማም። ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው፤ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከባድ ትንፋሽ። ዶክተሯ ከዚህ በላይ አልቆየችም። ጥርጣሬ ልማዱ ነው፤ ግማሹን ይሰማና የቀረውን ከቤቱ ያመጣል። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በእግር ጣቷ እየረገጠች ግቢውን ወጣች። የራሷን ፍቅረኛ ሰርቃ የምትሸሽ ትመስል ነበር።

ዛሬ ለተቀላቀላችሁን ነገሩን ባጭሩ ላውጋችሁ። ዶክተሯ የጥርስ ሐኪም ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ላይ አጎንብሳ የምትውል ሴት ወገቧ ቢያምፅባት አይፈረድበትም። «ተንቀሳቀሺ እንጂ!» አሏት የሥራ ጓደኞቿ። በሰፈሯ ያለው መዝናኛ ማዕከል ደግሞ የሌለው የለም። ዮጋ ሞከረች፤ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ሲባል ጨፈነችና ለጥ ብላ ተኛች፤ የቀሰቀሳት የራሷ ማንኮራፋት ነው። ዳንስ ሞከረች፤ አብሯት የሚደንሰው ሰውዬ በሚቀጥለው ጊዜ የሕንፃ ሠራተኛ ጫማ አድርጎ መጣ። ጠረጴዛ ቴኒስም ሞከረች፤ ኳስ ከመምታት ይልቅ ኳስ ስትለቅም ዋለች። በመጨረሻ የማታው ኤሮቢክስ ውስጥ ገባች፤ ላስቲክን ያገኘችው እዚያ ነው።

ላስቲክ ቅጽል ስሙ ነው። ቆሞ ግንባሩን ከጉልበቱ ስለሚያጋጥም ወጥቶለት፣ አሁን እናቱም ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩታል። በመጀመሪያው ቀን ከኋላዋ መጣና ትከሻዋን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ጥርሱን ያመመው ሰው የለም። ቀና በይ» አላት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ወገቧ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳነ፤ ሕመሙ ከፍ ብሎ ልቧ ላይ ወጣ።

እንቅፋቱ አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲዋሽ ሰምተው፣ ሥራውን ሲለቁ መጠርጠሩን ግን አልለቅ ብለው ይዘውት ቤት ገቡ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸውና እህታቸው ናቸው። የላስቲክን ነገር ሲሰሙ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ላብ ነጋዴ!» አሉ። «የአባትሽን ስም፣ የአባትሽን ቤት አይቶ ነው እንጂ አንቺንማ የት ያውቅሻል?» ከወንበር ያለመነሳቱ ነገር ሰሞኑን ብሶባቸዋል። እንግዳ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ፣ ቁጭ እንዳሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሰውም ሲወጣ፣ «ዛሬም ችሎት ላይ ያሉ መስሏቸዋል» እያለ ያማቸዋል።

ከስንት ጭቅጭቅና ከአክስቷ ምልጃ በኋላ፣ «እሺ፣ እሁድ ለምሳ ይምጣ። ልየውና እፈርዳለሁ» አሉ። ዶክተሯ አባቷን ረግጣ ወደ ትዳር የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ እሁድ የእሷም የላስቲክም ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። እንግዲህ እሁድ በቀረበበት በዚህ ሳምንት ነው ነገሩ ሁሉ መጥፎ ጠረን ማምጣት የጀመረው።

መጀመሪያ ጠዋቱ። «ጠዋት ጠዋት አልመችም» ይላል ላስቲክ። ለምን እንደማይመች ግን አይናገርም። ቀጥሎ እጁ። መዳፉ የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቅባት ሽታ አመጣ። ሦስተኛው ስልኩ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ጠራበትና ብድግ ብሎ በረንዳ ላይ ወጣ። በክፍቱ መስኮት የገባላት ይህን ያህል ነው፦

«እንዴት ናት ዛሬ?... አበጠች እንዴ?... አይ፣ አይጨነቁ፣ የሚጠበቅ ነው። ደረጃ እንዳይበዛባት ብቻ። ማታ ማታ ትራስ ያድርጉላት።... ኧረ ለማንም! ቃሌ ቃል ነው።»

አበጠች። ደረጃ። ትራስ። የጥርስም ቢሆን ሐኪም ሐኪም ነውና ሁለትና ሁለትን ደመረች፤ ስድስት ሆነባት።

«ማነው?» አለችው ሲመለስ፣ ሻይዋን እያማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

«የሆነች ልጅ አባት ናቸው» አላት፤ ብሎም ፈገግ አለ።

ቃሉን ትችለው ነበር። ፈገግታው ነው ያንገበገባት።

ከዚያ ወዲያማ ዓለም ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነባት። ያ የቅባት ሽታ አንድ ቀን ጠዋት እቤቷ ኮሪደር ላይ አገኛት። «እትዬ፣ ይሄ ሽታ ምንድነው?» ብትላቸው አክስቷ፣ «የምን ሽታ?» አሉ፣ አፍንጫ እንዳልተፈጠረላቸው ሁሉ። እሳቸውም ሰሞኑን በማለዳ ወንድማቸውን በመኪና ይዘው እየወጡ ነው፤ «ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ጋዜጣ ሊያነብ» እያሉ። ዶክተሯ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንዲት ደቂቃ ስልሳ ያለፋቸውን አክስቷን በላስቲክ ጠርጥራቸዋለች። በኋላ ራሷም አፍራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም።

በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ወደ ጎን በሩ የሄደችው፤ «ነይ የኔ እመቤት»ንም የሰማችው። ክሊኒክ ስትደርስ ስልኳን አወጣችና ጻፈችለት፦ «እሁድ አትምጣ።»

ከላከችው በኋላ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።

*

አመሻሹ ላይ ላስቲክ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የስፖርት ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ የማታውን ኤሮቢክስ ትቶ መምጣቱ ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ዶክተሯ የዳኛ ልጅ ናት። «ማስረጃሽን አስቀድመሽ አታሳዪ» የሚለውን ትምህርት ከጡት ጋር ጠብታዋለች። ስለዚህ በሩንም፣ እመቤቲቱንም አላነሳችም።

«ጠዋት ጠዋት የት ነህ?»

«ሥራ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

ላስቲክ ወደ መሬት አየ። «እሱን ልነግርሽ አልችልም።»

«እሱን ነው እሷን?»

«ነገሩን ማለቴ ነው» አለ ግራ ገብቶት። «ስሚኝ፣ ሰው ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ፣ ሲያቅተው፣ ሲያለቅስ አያለሁ። ምንጣፍ ላይ ያየሁት ከምንጣፍ አይወጣም። አንቺስ የሰው አፍ ውስጥ ያየሽውን ታወሪያለሽ?»

«ሚስጥር ያለው ሰው ሁሉ ጥሩ ምክንያት አለው።»

«ምን ሰማሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ዓይንሽ ለምን እንዲህ ያየኛል?»

አላየችውም እንኳ። የምታየው እጁን ነበር። ያ እጅ ጠዋት ማንን ይዞ «አትፍሪ» እንዳለ እያሰበች፣ የገዛ መዳፏን ቦርሳዋ ላይ ትፈትጋለች።

«እሁድ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አላት በመጨረሻ። ድምፁ ማር የሚባል ነገር የለውም።

«ጽፌልሃለሁ።»

ላስቲክ ራሱን ነቀነቀ። ዞረና ሄደ። ሲሄድ እንደ ወትሮው ፈጠን ፈጠን አላለም፤ እግሩን ይጎትት ነበር። ዶክተሯ ታክሲ ተሳፍሮ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ቢዞር ይቅር ልትለው ነበር። አልዞረም፤ አለመዞሩንም ከማስረጃዎቿ ላይ ደረበችው።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መንጋጋውን ይዞ መጣ። ሚስቱ ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዶክተሯ ሹፌሩን አስተኛችውና አፉን ከፈተች። ፈሪ ሰው ነበር፤ የወንበሩን እጀታ አንቆ ይዟል። እሷም እንደ ልማዷ፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ማባበል ጀመረች።

«እሷ ናት አይደል እንቅልፍ የነሳችህ?»

«እእ» አለ ሹፌሩ፣ ጥጥ እንደጎረሰ።

«ዓመት ሙሉ ዝም ብለሃታል ማለት ነው? እንደዚህ ዓይነቷንማ ገና ድሮ ነበር መገላገል። ያሉትንም ታበላሽብሃለች። ዛሬ እናስወጣትና በምትኳ አዲስ እናመጣልሃለን። አሁንማ ቆንጆ ቆንጆ መጥተዋል፤ ማንም ሰው አይለያትም።»

በሩ ከግድግዳው እስኪላተም ተበረገደ። ሚስትየው ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ይዘው መሀል ወለሉ ላይ ቆሙ።

«ማንን ነው የምታስወጭው? ንገሪኝ! በምትኬስ የምታመጭለት ቆንጆ ማናት?»

ሹፌሩ መናገር አይችልም፤ በጣቱ አፉን፣ አፉን ያሳያል። ዶክተሯ መቆንጠጫዋን ዝቅ አደረገች።

«ጥርስ ናት እናቴ! ጥርሷን ነው።»

«ጥርስ ከመቼ ወዲህ ነው ‹እሷ› የሆነች?»

«እንዲያው... ልማድ ነው። ያስቸገረችን ነገር ስናባብላት ‹እሷ› እንላታለን እኮ። ‹አይዞሽ› እንላታለን፣ ‹ነይ የኔ...›»

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

ነይ የኔ እመቤት። አበጠች እንዴ? ማታ ማታ ትራስ ያድርጉላት።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸው ወጥቶላቸው አሁን እፍረቱ መጥቷል። «አትፍረጅብኝ ልጄ» አሉ። «ከበር ጀርባ ሆኖ የሰማ ሰው፣ ምን ያድርግ?»

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ጥርስን «አንቺ» እያለች የኖረች ሴት፣ ሌላው ሰው የታመመ አካል ማባበል ይችላል ብላ እንዴት አላሰበችም? መቆንጠጫዋን ለባልደረባዋ ሰጠች፤ የሹፌሩን ጥርስ እሱ ነቀለው። እሷ መታጠቢያው ጋ ቆማ ውኃ እየፈሰሰ ሳለ ላስቲክ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ይታያታል። ደግሞ የተረፈች ጥርጣሬ አልለቀቀቻትም፤ የማን አካል? የየትኛዋ ልጅ አባት?

*

ቅዳሜ ጠዋት በጎን በር አልሄደችም። በዋናው በር ገባች። ገና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አክስቷን አየቻቸው፤ የሱፍ ኳሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሹራብ ይሠራሉ። በዚያን ቀን እንደ ጨዋ ሰው በፊት ለፊት ገብታ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ባላየች ነበር።

«ወዴት ወዴት?» አሉ አክስቷ፣ ደንግጠው እየተነሱ። የሱፍ ኳሷ ተንከባላ ሄደች።

ዶክተሯ አልፋቸው በሩን ገፋችው።

አባቷ ምንጣፍ ላይ ተንጋለዋል። ሰው ፊት ያለ ከረባት የማይቀርቡት አባቷ፣ ነጭ የስፖርት ጫማ አድርገው፣ የቀኝ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ጠቅልለዋል። ላስቲክ አጠገባቸው ተንበርክኮ ያበጠች ጉልበታቸውን በሁለት መዳፉ ይዟል።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ትንሽ እጥፍ በይልኝ...»

«አባባ!»

ዳኛው እንደተያዘ ሌባ ሱሪያቸውን ወደ ታች ሳቡት። ሊነሱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ተኝተው ሳለ ቁጣ እንደማያምር ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ግማሽ ነው የወጣው።

«እየሰለልሽኝ ነው?»

«እርስዎስ? እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ዳኛው ወደ ላስቲክ ዞሩ። ፊታቸው ደም መሰለ። «እንግዲህ... ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ልጄ ናት።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ምን?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ‹የዚህ እንቅስቃሴ ጥቅም ምንድነው? አስረዳ!› ሲሉኝ ነው ያወቅኩዎት። እሷም እንዲሁ ነው የምትለው፤ ‹አስረዳ!›»

አክስቷ በሩ ጋ ቆመው የሱፍ ክር ይጠቀልላሉ፤ ክሩ ግን አልቆ እጃቸውን ነው የሚጠቀልሉት።

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?» አሉ ዳኛው።

«ሊያዩኝ ነው የመጡት። ይዩኝ ብዬ ነው።»

ዳኛው ራሳቸውን ምንጣፉ ላይ መልሰው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሲናገሩ ለልጃቸው ይሁን ለጣሪያው አይታወቅም ነበር።

«ልመረምረው ነበር የመጣሁት። ከሴት ጋር ሲላፋ፣ ሲሰክር፣ ሲዋሽ ይዤው ላሳይሽ። ጉልበቷን ሰበብ አደረግሁ፤ ሰበብ ደግሞ አልነበረችም፣ እውነት አሟታል። መጀመሪያ ቀን መሬት ላይ አስተኛኝ። ከዚያ ተነስ ሲለኝ መነሳት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ብድግ የሚልልኝ ሰውዬ ወለል ላይ ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ልጅ ፊቱን አዙሮ ኳስ ይለቅም ጀመር። አልቅሼ እስክጨርስ ለቀመ። በኋላ ሳይ አዳራሹ ውስጥ አንድም ኳስ አልነበረም።»

ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለልጄ እንኳ አትንገር፣ ለማንም አትንገር አልኩት። ‹እሁድ እንግዳ አለብኝ፤ ቁጭ ብዬ ልቀበለው አልፈልግም› አልኩት። እሱም ‹እናስነሳዎታለን› አለኝ። እንግዳው ራሱ መሆኑን እያወቀ!» የመጨረሻዋን ነገር ሲናገሩ እንደ መገረምም እንደ መቆጣትም አደረጋቸው።

ያን ጊዜ ላስቲክ ተነሳ። ወደ ዶክተሯ መጣ፤ ግን አልቀረባትም፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ምንጣፍ በመሀላቸው ተወ።

«ምን ሰምተሽ ነበር?»

አሁን ማስረጃዋን ማሳየት ነበረባት። የያዘችው ሁሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልትናገረው ስትል ታወቃት።

«‹ነይ የኔ እመቤት› ስትል። በጎን በር ሆኜ። በስልክም ‹አበጠች› ስትል... ሴት መሰለችኝ። ነፍሰ ጡር ሴት።»

አክስቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዳኛውም ሆዳቸው ተርገፈገፈ። ላስቲክ ብቻ አልሳቀም፤ ያ የሚያስቀው ነገር የማያጣው ሰው።

«አባትሽ ሊጠረጥሩኝ መጥተው አመኑኝ» አለ። «አንቺ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

«ጠይቄህ ነበር! ክሊኒኩ በር ላይ፣ በዓይንህ እያየኸኝ ጠይቄሃለሁ።»

«አልጠየቅሽኝም። መረመርሽኝ።»

ይህች ቃል ከሁሉም የበለጠ አመመቻት፤ እውነት ስለሆነች። ዕንባዋ መጣ፤ ልትደብቀው ፈልጋ የምታይበት ቦታ አጣች። መሬት ላይ ኳስ እንኳ የለም።

«ይቅር በለኝ። ደንግጬ ነው፣ ስለምወድህ ነው። እሁድ ና። እባክህ ና።»

ላስቲክ ረዘም አድርጎ አያት። ልቡ መሄድ የፈለገ ወዴት እንደሆነ ዓይኑ ላይ ግልጽ ነበር፤ እግሩ ግን አልታዘዘለትም። ዞሮ ምንጣፉ አጠገብ ተንበረከከና የዳኛውን ሱሪ በቀስታ ጠቀለለ።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ዶክተሯ በሩን ስትዘጋ እጇ ከበሩ እጀታ አልላቀቅ አለ።

*

እሁድ ምሳው ቀርቦ እንደተከደነ ቀዘቀዘ። ዳኛው ከረባታቸውን አስረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አክስቷ መጋረጃውን ገልጠው ያያሉ፣ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ይገልጣሉ። ዶክተሯ ሹካዎቹን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ታስተካክላለች።

ጥርጣሬ አሮጌ እንግዳ ነው፤ መንገዱን አይረሳም። አይመጣም፣ አለች በልቧ። ለምን ይመጣል? የጠረጠረችውን ሴት ለማግባት? ቢመጣም ለአባቴ ብሎ ነው፤ ለእኔ አይደለም።

«ይመጣል» አሉ ዳኛው፣ ሳትጠይቃቸው።

«በምን አወቁ?»

«እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ ልጄ። ብዙ ተጠራጥሬ የጨረስኩትን ሰው አውቀዋለሁ።»

ደወሉ ጮኸ።

አክስቷ ሮጡ። ላስቲክ ሳሎኑ በር ላይ ቆመ። ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ጠቦታል፤ እንደልብ የሚተጣጠፈው ልጅ እንደ እንጨት ደርቆ ቆሟል። ወደ ዶክተሯ አላየም። ወይም ያየው ሳታይ ነው።

ዳኛው ሁለት እጃቸውን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሱ። ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው። ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ትንፋሻቸው ያ ከበር ጀርባ የሰማችው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ሆነ። ከወንበሩ ተላቀቁ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እግራቸው ራደ፤ ፊታቸው ላብ አወጣ። ዶክተሯ ልትደግፋቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ላስቲክ ከበሩ ላይ ሆኖ መዳፉን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ተያቸው ማለቱ ነው። ቆመች።

ያን ጊዜ፣ በዚያች በጠዋት ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፦

«አይዞሽ» አለ።

ዳኛው ቀጥ ብለው ቆሙ። ያለ ምርኩዝ፣ ያለ እጅ። ከረባታቸውን አስተካከሉና፣ ችሎት ውስጥ ሰምተውት የማያውቁትን፣ እሳቸውም ለማንም ብለውት የማያውቁትን ቃል በሙሉ ድምፅ አሉት።

«ኖር!»

«በእግዜር ጋሼ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ስንት ለፍቼባት!» አሉ ዳኛው፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። አክስቷ በመጋረጃው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዶክተሯ ግን አሁንም በዚያች ቃል ላይ ናት። አይዞሽ። ለአባቷ ጉልበት ነው ያላት? ወይስ ለእሷ? ቀና ስትል ላስቲክ እያያት ነው፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ያች ፈገግታ፣ ያች ያንገበገበቻት፣ ልትመጣ እየሞከረች። አስረዳ ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና ወንበር ሳበችለት።